ጎረቤቴን ሳልወዳት ገንፎ ይዤላት ልሂድ?

ደብዳቤው

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። በግቢያችን ሦስት አባወራ አለን፤ የውሃ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ እሱም በባለቤቴ ስም ነው። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እንጀራና ጠላ ትሸጣለች። ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ በርሜሏንም ባልዲዋንም ጀሪካኗንም ሞልታ ስትጨርስ ለእኛ የሚደርሰን ጭላጩ ነው። ሠራተኛዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ካልቀዳች ጠዋት ፊታችንን የምንታጠብበት የለንም። ቢል ሲመጣ ደግሞ ‹ነገ እሰጥሻለሁ› ትለኛለች። ያ ነገ ስምንት ወር ሆነው። አንድም ቀን ፊት ለፊት ተናግሬያት አላውቅም፤ ቡና መጠራራቱን ግን አቁሜያለሁ።

ክፉ ናት እንዳልል፣ በ2014 ጥቅምት ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ የቤታችንን ቁልፍ ይዛ የቀረችው እሷ ናት። ስንመለስ አንድ ማንኪያ አልጎደለም። እናቴ ስታርፍም ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጣችም።

አሁን ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሦስት ሳምንት ሆናት። ሦስተኛዋ ጎረቤታችን ሙስሊም ናት። እሷ እንኳን ገንፎውንም አጥሚቱንም ይዛ ስትመላለስ እኔ አንድ ቀን ደጇን አልረገጥኩም። ባለፈው እሑድ ‹ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ› ተብሎ ሲሰበክ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እኅቴ ‹ሳትወጃት ሄደሽ ብታስመስይ ግብዝነት ነው› ትለኛለች። ባለቤቴ ‹የክርስቲያን ፍቅር ችሎ ዝም ማለት ነው፤ የውሃውን ነገር እርሺው› ይላል። ክርስትናው ሲደርስ መጠራቴ አይቀርም። ምን ይሻለኛል?

ጨንቆኝ ነው፣ ከደሴ።»

መልሱ

አብሽሪ እኅቴ። ቧንቧ ውሃ ተቀምጦ በቧንቧ ውሃ መቀያየም ለሰሚው ያስቃል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ባልዲ ይዞ ለቆመ ሰው ግን እንደማያስቅ አውቃለሁ።

መልሴ አጭር ነው፦ ሂጂ። እስከ ክርስትናው አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ገንፎ አስገንፍተሽ ሂጂ። የሚረዝመው ምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱን ካልተነጋገርን ደግሞ ሄደሽም ልብሽ አያርፍም።

ከእኅትሽ ልጀምር። እሷ የምትለው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፦ መጀመሪያ ልብ ይሞቃል፣ ከዚያ እግር ይሄዳል፤ ልብ ሳይሞቅ የሄደ እግር ሐሰተኛ ነው። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ የተጻፈበትን ቦታ፣ ዘሌዋውያን 19ን፣ ዛሬ ማታ ገልጠሽ አንብቢው። ከላይና ከታች በምን እንደተከበበ ተመልከቺ። እርሻህን ስታጭድ ዳር ዳሩን ለድኻና ለመጻተኛ ተው ይላል። የሠራተኛህን ደመወዝ አታሳድር፣ ደንቆሮውን አትስደብ፣ በዕውር ፊት እንቅፋት አታኑር፣ በሕዝብህ መካከል ወሬ እያመላለስህ አትዙር፣ ሚዛንህ የእውነት ይሁን ይላል። ይህ ሁሉ በእጅ፣ በአፍና በኪስ የሚፈጸም ነው። ሆድህ እስኪራራ ድረስ እህሉን አትተውለት የሚል አንድ መስመር የለበትም። ያ ገበሬ መጻተኛውን ወደደውም አልወደደውም ዳር ዳሩን መተው ነበረበት።

በቅዳሴም ይኸው ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ግራና ቀኝሽ ለቆመው ሁሉ እጅ ትነሺያለሽ። ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደምትወጂው መርምረሽ ነው? እጅ የምትነሺው እዚያ ስለቆመ ነው። ይህን ማስመሰል ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ጎረቤትሽም ከግድግዳሽ ማዶ አራስ ሆና ተኝታለች፤ መሄጃ ምክንያቱ ይበቃል።

ግብዝነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው። ቡናውን ከእሷ ጋር አቆምሽ እንጂ ቡና አላቆምሽም፤ የደሴ ሰው ቡና ሊያቆም አይችልም። ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የምትጠጪው? የእሷስ ነገር የሚነሣው በአቦሉ ነው በቶናው? ገንፎውን አቅርበሽ፣ ሕፃኗን ስመሽ፣ ከዚያ በረካው ላይ «አየሽልኝ ያቺን በርሜለኛ» ካልሽ እኅትሽ ልክ ትሆናለች። መፍትሔው ታዲያ አለመሄድ ሳይሆን በረካው ላይ ዝም ማለት ነው። ለስምንት ወር ለእሷ ያልነገርሽውን ለስንት ሰው እንደነገርሽ አንቺው ታውቂያለሽ።

ባለቤትሽ ጋ ስመጣ ደግሞ ጠንከር ማለት አለብኝ፤ ሰውዬው ደግ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ቢገባኝም። ችሎ ማለፍ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያው የዘሌዋውያን ምዕራፍ፣ ከትእዛዙ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ፣ «ወንድምህን በልብህ አትጥላው» ብሎ ትንፋሽ ሳይወስድ «ባልንጀራህን ገሥጸው» ይላል። ሁለቱ የተጎራበቱት በከንቱ አይደለም። ያልተነገረ ነገር ሆድ ውስጥ ሲከርም ቂም ይሆናል፤ ተናግሮ መውጣት የፍቅር አንዱ ሥራ ነው። አንቺ ስምንት ወር ዝም ያልሽው ቻይ ስለሆንሽ አይመስለኝም። ቻይ ሰው ቡና አያቋርጥም።

አሁን ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነብ የታየኝን ልንገርሽ። መክፈል ካቆመች ስምንት ወር ሆናት ብለሻል። ልጇ ሦስት ሳምንቷ ነው። እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቻቸው። «ነገ» ማለት የጀመረችው ፅንሱ ከያዛት በኋላ ነው። ጭስ እየጠጡ ምጣድ ላይ ቆሞ ማርገዝ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ባሏ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ የለም፤ ይኑር አይኑር አልነገርሽኝም። የጤፍ ዋጋ የደረሰበትን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ የእንጀራ ሻጭ ትርፍ ከዚያ በኋላ የምትተርፈው ናት። ይህ ሁሉ የበላችውን ውሃ አያስቀርላትም፣ ዕዳ ዕዳ ነው። ግን አንቺ «ንቃኝ ነው» ብለሽ የያዝሽው ነገር ምናልባት ከንቀት ጋር የማይገናኝ ይሆናል። ማወቂያው ደግሞ መጠየቅ ብቻ ነው፤ አልጠየቅሽም።

ሌላም አለ። አንቺ የያዝሽው የውሃ ሒሳብ ነው። እሷስ ምን ይዛለች? በዚያ ክፉ ጥቅምት ሰው ሁሉ ነፍሴን ብሎ ሲወጣ፣ የሰው ቤት ቁልፍ በመቀነቷ አስራ የቀረች ሴት፣ «ለእነዚህ ሰዎችማ ውሃ አይቆጥሩብኝም» ብትል አይፈረድባትም። ላትልም ትችላለች። አንቺም ብትሆኚ ለዚያ ቁልፍ አመስግነሻታል? «አንድ ማንኪያ አልጎደለም» ብለሽ ለእኔ ጻፍሽ፤ ለእሷ ብለሻት እንደሆነ አልጻፍሽም። ጌታ በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ታረቅ ያለው፣ አንተ በሰው ላይ ቅያሜ ካለህ አይደለም፤ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ ነው። አንቺ በእሷ ላይ ያለሽን ቆጥረሽ ልከሽልኛል። እሷም አሁን በአንቺ ላይ አላት፦ ወለደች፣ አልመጣሽም።

ስለ ሙስሊሟ ጎረቤታችሁ «እሷ እንኳን» ብለሽ ያለፍሽበት አጻጻፍ ደግሞ አልተዋጠልኝም። ወሎ ላይ ሆነሽ! እዚህ አገር ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሬሳ ሲሸኝ፣ ክርስቲያኑ በኢድ ቀን ሲጠራ የኖረ ሕዝብ መካከል ነሽ። በእርግጥ እኔም ብሆን በችኮላ ብጽፍ እንደዚያ ሊያመልጠኝ ይችል ይሆናል። ግን ሉቃስ 10 ላይ ያለው ታሪክ የተነገረው ለዚህ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ የእኛን ሐረጎ ይመስላል፦ ቁልቁለት ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ርቀቱም ከደሴ ኮምቦልቻ እንዳለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ተደብድቦ ለተጣለው ሰው ካህኑም ሌዋዊውም ገለል ብለው አለፉ። የቆመለት ሳምራዊ ነበር፣ አይሁድ ከማይተባበሩት ወገን። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ነበር የጠየቀው። ክርስቶስ ጥያቄውን ገልብጦ መለሰለት፦ ከሦስቱ ለዚያ ሰው ባልንጀራ የሆነለት ማንኛው ነው? በግቢያችሁ ይህን ጥያቄ ብንጠይቅ መልሱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ገንፎና አጥሚት ይዛ የምትመላለሰዋ ናት።

ከዚያው ታሪክ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ ለአንቺ ይጠቅምሻል። ሳምራዊው ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበ፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ አደረለት። በማግስቱ ግን ሁለት ዲናር ለማደሪያው ባለቤት ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ቤቱን ሸጦ አላስታመመውም፤ የሚችለውን ከፈለ፣ ቢጎድል ስመለስ እሰጥሃለሁ አለ፣ ጉዳዩን ሊፈጽም ሄደ። ስለዚህ ጎረቤትን መውደድ ማለት የእሷን ንግድ ውሃ ዕድሜ ልክሽን መክፈል ነው ያለሽ ካለ፣ አይደለም።

አሁን ደግሞ በአንድ መስመር ስላለፍሻት ልጅ። «ሠራተኛዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ካልቀዳች» ብለሻል። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አንድ ቃል የለም። ባልንጀራዬን ስለ መውደድ ተጨንቄያለሁ ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ ከሁሉም ሰው ይልቅ የቀረበችሽ ልጅ ኩሽናሽ ውስጥ ተኝታለች። ከወረኢሉ ትምጣ ከደላንታ አላውቅም፤ የማን ልጅ እንደሆነችም አልነገርሽኝም። በደሴ ብርድ፣ ጦሳ ላይ ጉም በተኛበት ሰዓት፣ በውሃው ጠብ የሌለባት እሷ ናት እጇን በውሃ የምትነክረው። ጠዋት ደግሞ ቁርስ ታቀርባለች። መቼ ነው የምትተኛው? ደመወዟ ወሩ ሲሞላ ነው የሚሰጣት ወይስ «ነገ» ትባላለች? ይህን ስጠይቅ ልነካሽ አይደለም፤ ጎረቤትሽን የከሰስሽበት ቃል ስለሆነ ነው። እሑድ ቅዳሴ ትሄዳለች? ወይስ እናንተ ስትሄዱ ቤት ጠባቂ እሷ ናት? የማታ ትምህርት ብትጀምር የሚከለክላት ምንድን ነው? ሰንበት የተሰጠበት ትእዛዝ በዘዳግም ሲደገም አገልጋይህም እንዳንተ ትረፍ ብሎ በግልጽ አስገብቷታል።

ስለዚህ አንድ ነገር ከዛሬ ማታ ይጀመር፦ የሌሊቱ ውሃ በተራ ይቀዳ። አንድ ሌሊት አንቺ፣ አንድ ሌሊት ባለቤትሽ። ችሎ ዝም ማለት የክርስቲያን ፍቅር ነው ያለው እሱ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለዚያ የሚመች ሰዓት ነው። ልጅቷ ትተኛ።

ወደ ጎረቤትሽ ልመለስ። ገንፎውን ይዘሽ ስትሄጂ ስለ ውሃው ትንፍሽ እንዳትይ። በዓይንሽም ቢሆን በርሜሎቿን አትቁጠሪ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በያት፣ ዘግይቼብሻለሁ በያት፣ ሕፃኗን ያዥላት፣ እናትየው ትንሽ ጋደም ትበል። ቁልፉን ካላመሰገንሻት አመስግኛት። የወሰድሽው ገንፎ የሒሳብ መክፈቻ ከሆነ ገንፎነቱ ቀረ።

የሒሳቡ ቀን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ ገና ጊዜ አለሽ። ጎረቤትሽ ጠንከር ስትል፣ ድግሱ ሳይቀርብ፣ ብቻሽን ሂጂ። ማቴዎስ 18 አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ ንገረው ይላል፤ ስለዚህ ቡና ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እየሣቁ ጣል ማድረግ አይሆንም። እንዲህ ብትያት፦ «እኅቴ፣ የውሃው ነገር ሆዴ ገብቶ ቡናሽን እስከማቆም አድርሶኛል። መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። ቢሉ ለብቻዬ ከበደኝ። አንቺስ እንዴት ነሽ?» ከዚያ አፍሽን ያዥና አድምጪ። እሷ ስትናገር መልስ አታዘጋጂ።

ቁጥሩንም አብራችሁ ሥሩት፤ በአገራችን ከተሞች የውሃ ታሪፍ ፍጆታው ሲበዛ በደረጃ የሚወጣ ነው። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሦስቱም ለየብቻ ቢጠቀሙ ከሚከፍሉት በላይ በውድ ደረጃ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ይህን ብቻ ብታውቁ ግማሹ ቅያሜ በማንም ላይ መሆኑ ይቀራል። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አምስት ጊዜ ሲሞላ አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 50። እሷ ለጠላና ለእንጀራ የምትቀዳውን በበርሜል ትቁጠር፣ የቀረው በቤተሰብ ብዛት ይከፈል፣ በአንድ ደብተር ይጻፍ፣ ደብተሩም በሦስተኛዋ ጎረቤታችሁ ቤት ይቀመጥ። ማን ቀድሞ እንደሚቀዳም ተራ ይውጣለት። ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከቻላችሁ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ያለፈውን ስምንት ወር በተመለከተ ባለቤትሽ እርሺው ብሏል። አቅማችሁ ከፈቀደ ማሩላት፤ የእርግዝናው ወራት ነበርና ደስ ይለኛል። ግን ተናገሩት፦ «ያለፈው ለሕፃኗ ይሁን፣ ከዚህ ወዲህ ያለውን እንካፈል» ተብሎ ይነገር። ሳይነገር የተማረ ዕዳ ማሪው ሆድ ውስጥ መቆጠሩን አያቆምም፤ አንድ ቀን ቡና ላይ ይወጣል። አቅማችሁ ካልፈቀደም አትፈሪ፣ በየወሩ በትንሽ በትንሹ ትክፈል። እንዲህ ማለት ኃጢአት አይደለም።

እንቢ ብትልስ? ያው ማቴዎስ 18 አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር ይላል፤ በእድራችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ አይጠፋም። እሱም ካልሆነ የራሳችሁን መስመር ለይታችሁ ውሃችሁን ለብቻ ቅዱ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል ሁለት ጊዜ ለክቶ ነው የጻፈው፤ የእሷን በኩል አንቺ መሙላት አትችዪም። መስመር ለይተሽ ሰላምታ ካላቋረጥሽ፣ ስትታመም ከጠየቅሽ፣ ክፉዋን ካላወራሽ በእናንተ በኩል ያለው ተፈጽሟል። ሆድሽ ውስጥ የቀረውን ቅሬታ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ይዘሽ ሂጂ፤ እሱ የእኔ ድርሻ አይደለም።

ክርስትናው ላይ ከጠራችሽ ቀደም ብለሽ ገብተሽ ሽንኩርት ላጪ፤ እንግዳ ሆነሽ አትቀመጪ። አራስ ድግስ ስታስብ የምትረሳው ብዙ ነው፤ አንዱን አንቺ አስታውሺላት፦ ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚሆነው በግ ወይም ዶሮ በሙስሊም ይታረድ፣ ድስቱም ጭልፋውም ከሙስሊሟ ጎረቤታችሁ ቤት ይምጣ፣ ወጡንም እዚያው ቤቷ ትሥራው፤ ወጪውን ሁለታችሁ ተካፈሉ። ባትጠራሽ ግን አትቀየሚ። ተቀይማ ይሆናል፣ ምክንያቷንም ከላይ አይተነዋል። በማግስቱ ስጦታሽን ይዘሽ ቤቷ ሂጂ፤ ለሕፃን ልብስ የሚመረጥ ከሆነ ለስድስት ወር የሚሆናትን ግዢ፣ የአሁኑን ሁሉም ሰው ያመጣዋል።